«ታይፎይድም ታይፈስም አለብሽ» ተባልኩ፤ ጀርም ሁሉ አንድ ነው?

ጥያቄ፦ «የሁለት ልጆች እናት ነኝ። የምኖረው አዳማ ነው። ባለፈው ሳምንት ትኩሳትና ራስ ምታት ይዞኝ ክሊኒክ ሄድኩ። ደሜን አዩና ‹ታይፎይድም ታይፈስም አለብሽ› አሉኝ። መድኃኒት ወስጄ ተሽሎኛል። በዚያው ሰሞን የ5 ዓመት ልጄን ጉንፋን ያዘው። ከ3 ወር በፊት ለእህቱ የተበጠበጠ የአሞክሳሲሊን ሽሮፕ ፍሪጅ ውስጥ ስለነበረ እሱን ሰጠሁት። ባለቤቴ ተቆጣኝ። እናቴ ግን ‹ጀርም ያው ጀርም ነው፤ አንዱን የገደለ ሌላውን መግደል ያቅተዋል?› አለች። እውነት ጀርም ሁሉ አንድ ነው? ባክቴሪያ፣ ቫይረስ፣ ፈንገስ፣ ፓራሳይት የሚባሉት በምን ይለያያሉ? የትኛው ነው የትኛውን በሽታ የሚያመጣው?»

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ተሻለሽ። ስለ ልጅሽ ሽሮፕ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ። እስከዚያው ግን ሽሮፑን አትስጪው።

አጭሩ መልስ፣ አንድ አይደሉም ነው። «ጀርም» የሚለው ቃል «እንስሳ» እንደሚለው ቃል ነው። በግም እንስሳ ነው፣ ጅብም እንስሳ ነው። ሁለቱን አንድ በረት የሚያስገባ ሰው ግን የለም።

እኔ የላቦራቶሪ ሰው ነኝ። ከ20 ዓመት በላይ ደም፣ አክታና ሰገራ በማይክሮስኮፕ ሳይ ኖሬያለሁ። መድኃኒት አላዝም፤ ስላይድ ነው የማየው። እዚያ ወንበር ላይ ስትቀመጪ «ምን ልውሰድ?» የሚለው ጥያቄ ሁለተኛ ይሆናል። አንደኛው «የያዘኝ ማነው?» የሚለው ነው። እሱ ሳይመለስ የሚዋጥ መድኃኒት በጨለማ እንደሚወረወር ድንጋይ ነው።

ከመጠናቸው ልነሳ። አንድ ሺህ ባክቴሪያ ተሰልፎ ቢቆም ርዝመቱ ከአንድ የጤፍ ፍሬ ብዙም አይበልጥም። የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ደግሞ ከባክቴሪያው በ10 እጥፍ ገደማ ያንሳል። ባክቴሪያን በተራው ማይክሮስኮፕ በየቀኑ አየዋለሁ። ቫይረስን ግን በዚህ ሁሉ የሥራ ዘመኔ አንድም ቀን በዓይኔ አይቼው አላውቅም። እሱን ለማየት ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ያስፈልጋል።

ባክቴሪያ አንድ ሴል ብቻ ነው፤ ግን ራሱን የቻለ ነው። ይመገባል፣ ለሁለት እየተከፈለ ይራባል። ዙሪያውን እንደ አጥር የሚጠብቀው ግድግዳ አለው። የእኛ ሴሎች እንዲህ ዓይነት ግድግዳ የላቸውም። ፔኒሲሊንና ዘመዱ አሞክሳሲሊን የሚሠሩት ባክቴሪያው ይህን ግድግዳ እንዳይገነባ በመከልከል ነው። ግድግዳው ሲሳሳ ባክቴሪያው ይፈነዳል። እኛ የሚፈርስ ግድግዳ ስለሌለን እንተርፋለን። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1928 እ.ኤ.አ. ያገኘው ነገር ዓለምን የቀየረው በዚህች ልዩነት ነው። ይህቺን ግድግዳ በልብሽ ያዢያት፤ ኋላ ትፈለጋለች።

ብዙዎቹ ባክቴሪያዎች አይነኩንም። እርጎውን የሚያረጉት፣ ከእርሾ ጋር ሆነው ሊጡን የሚያቦኩት እነሱ ናቸው። የሚያሳምሙን ጥቂቶቹ ናቸው፤ እነሱ ግን ስም ያላቸው ናቸው። ሳንባ ነቀርሳ፣ ኮሌራ፣ ማጅራት ገትር፣ ትክትክ፣ መንጋጋ ቆልፍ፣ አባ ሰንጋ፣ ጨብጥ፣ ቂጥኝ፣ ትራኮማ፣ ሥጋ ደዌ፣ ሁሉም የባክቴሪያ ሥራ ናቸው። ያንቺ ታይፎይድና ታይፈስም እዚሁ ውስጥ ናቸው።

እዚህ ላይ ቆም ልበል። ምክንያቱም «ሁለቱም አለብሽ» የሚለውን ቃል ስሰማ ሁሌም ያመኛል።

ስማቸው ነው ያሳሳተን። ታይፎይድ ማለት ራሱ «ታይፈስ መሳይ» ማለት ነው። ሐኪሞች እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ አንድ በሽታ ይመስሏቸው ነበር። ዛሬ ግን ምንም እንደማይገናኙ እናውቃለን። ታይፎይድን የሚያመጣው ሳልሞኔላ ታይፊ ነው። የሚገባው በአፍ ነው፤ በሰገራ በተበከለ ውሃና ምግብ። የሚኖረውም ሰው ላይ ብቻ ነው። አንዳንድ ሰው ከዳነ በኋላ እንኳ ሐሞት ከረጢቱ ውስጥ ይዞት ይቆይና ሳያውቅ ለሌላ ያስተላልፋል።

ታይፈስ የሌላ ባክቴሪያ ሥራ ነው፤ ሪኬትሲያ ይባላል። በምግብ አይመጣም። የምታመጣው ቅማል ናት፤ እሷም የራስ ቅማል ሳትሆን ልብስ ስፌት ውስጥ የምትደበቀው የገላ ቅማል። ቻርለስ ኒኮል የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ቱኒስ ውስጥ አንድ ነገር አስተዋለ። የታይፈስ ሕመምተኛ ከሆስፒታሉ በር ውጭ ሳለ ሰው ያስይዛል። በር ላይ ታጥቦ፣ ልብሱን አውልቆ ከገባ በኋላ ግን ማንንም አያስይዝም። ታዲያ በሩ ላይ የቀረው ነገር ምንድን ነው? ልብሱ። ልብሱ ላይ ያለችውስ? ቅማል። ይህን በ1909 አረጋገጠ፤ በ1928 የኖቤል ሽልማት አገኘበት። ሪኬትሲያ ፕሮዋዜኪ የሚለው የባክቴሪያው ሙሉ ስም የመጣው ከሁለት ተመራማሪዎች ነው፤ ከሪኬትስና ከፕሮዋዜክ። ሁለቱም ታይፈስን ሲያጠኑ በታይፈስ ሞቱ። ይህን ስም በጻፍኩ ቁጥር እነሱን አስባለሁ።

አሁን ወዳንቺ ውጤት እንምጣ። አንድ ሰው ሁለቱን በአንድ ጊዜ ሊይዘው ይችላል? ይችላል፤ ግን እጅግ ብርቅ ነው። «ሁለቱም» የሚለው ወረቀት ግን በየክሊኒኩ ብርቅ አይደለም።

ምክንያቱ ምርመራው ነው። ከደምሽ የተለየችው ፈሳሽ ጠብታ ስላይድ ላይ ትደረጋለች። በላይዋ የተዘጋጀ መመርመሪያ ጠብ ይደረግና ስላይዱ ለአንድ ደቂቃ ያህል ወዲያ ወዲህ ይወዛወዛል። ጠብታው ልስልስ ብሎ ከቆየ «የለም» ነው። ፍርፋሪ መሰለ ማለት «ፖዘቲቭ» ነው። ለታይፎይድ የሚሠራው ዊዳል ይባላል፤ ከ1896 ጀምሮ ያለ ነው። ለታይፈስ የሚሠራው ዌይል ፌሊክስ ይባላል፤ እሱም ከ1916። ወረቀትሽ ላይ «አንድ ለ160» የሚል ነገር አይተሽ ይሆናል። እሱ ጠብታው ምን ያህል ተበርዞ ፍርፋሪ እንደሠራ የሚናገር ነው።

ፍርፋሪው ግን ባክቴሪያውን አላሳየንም። ያሳየን ሰውነትሽ የሠራውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። ይህ የጅብ ዱካ እንደማየት ነው። ጅቡ አሁን ግቢ ውስጥ ይሁን ወይም ዓምና ያለፈ ይሁን ዱካው ብቻውን አይነግርሽም። ዱሮ ታይፎይድ ይዞሽ ከነበረ፣ ወይም ዘመዱ የሆነ ሌላ ሳልሞኔላ አግኝቶሽ ከነበረ ዊዳል ዛሬም ፖዘቲቭ ሊል ይችላል። ወባ ይዞሽም ቢሆን ሊል ይችላል። የዌይል ፌሊክስ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። እሱ የሚሠራው ከታይፈስ ባክቴሪያ አይደለም። ፕሮቲየስ ከሚባል፣ ከታይፈስ ጋር በአጋጣሚ ከሚመሳሰል ሌላ ባክቴሪያ ነው። ፕሮቲየስ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን የሚያመጣ የተለመደ ባክቴሪያ ነው። ስለዚህ ያየነው የጅቡን ዱካ ሳይሆን የጅብ የሚመስል የውሻ ዱካ ሊሆን ይችላል።

ክሊኒኩን ልከስስ አይደለም። አቅም የሌለው ቤተ ሙከራ ያለውን ይጠቀማል። የታይፎይድ ትክክለኛው ማረጋገጫ የደም ካልቸር ነው። ደምሽ ምግብ ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ይገባና በ37 ዲግሪ ሙቀት ለቀናት ይቀመጣል። ባክቴሪያው ካለ ይበቅላል፤ ስሙንም እናውቃለን። ግን አንድ ግዴታ አለው፤ ደሙ አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት መቀዳት አለበት። ሁለት ፍሬ ውጣ የመጣች ሕመምተኛ ጠርሙስ ውስጥ ብዙ ጊዜ ምንም አናገኝም።

ልዩነቱ ስም ብቻ አይደለም። የታይፈስ ባክቴሪያ የሚኖረው በእኛው ሴል ውስጥ፣ የደም ሥሮቻችንን ውስጣዊ ሽፋን ወርሮ ነው። አሞክሳሲሊን አይነካውም። የሚያድነው ዶክሲሳይክሊን ነው። ዶክሲሳይክሊን ደግሞ ለታይፎይድ የሚመረጥ መድኃኒት አይደለም። ሁለቱም ባክቴሪያ ሆነው ሳለ እንኳ አንዱን የገደለ ሌላውን አልገደለም። እናትሽ ለጠየቁት ጥያቄ አንዱ መልስ እዚህ ነው።

ይቺው ቅማል ሌላም ታመጣለች፤ ግርሻ የምንለውን ትኩሳት። ይሄኛውን በዓይኔ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። ትኩሳቱ ባየለ ሰዓት የተቀዳ ደም ስላይድ ላይ ተቀብቶ፣ ቀለም ነክቶት ሲታይ በቀይ የደም ሴሎች መካከል ጥምዝምዝ ያሉ ቀጫጭን ክሮች ይታያሉ። የተፈታ ጥልፍ ክር ይመስላሉ። ገና ያልደረቀ ጠብታ ላይ ደግሞ ሲንቀሳቀሱ የደም ሴሎቹን እየገፉ ያልፋሉ። ትኩሳቱ ከ5 እና 6 ቀን በኋላ ይጠፋና ከሳምንት ገደማ በኋላ ያገረሻል። የሚያገረሸው ባክቴሪያው ልብሱን እየቀየረ ስለሚመለስ ነው። ሰውነት የድሮውን ልብስ ለይቶ ሲጨርስ እሱ በአዲስ ልብስ ይመጣል። ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። መድኃኒቱ በተሰጠ በሰዓታት ውስጥ ባክቴሪያዎቹ በጅምላ ሲሞቱ ሕመምተኛው በኃይል ይንቀጠቀጣል፣ የደም ግፊቱም ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ግርሻ የያዘው ሰው መድኃኒት ተሰጥቶት ወዲያው ወደ ቤቱ አይላክም። ጤና ተቋም ውስጥ ሰው እያየው መቆየት አለበት።

የሳንባ ነቀርሳንም ላንሳ። አንጀታችን ውስጥ ያለው ኢ ኮላይ ሲመቸው በየ20 ደቂቃው ለሁለት ይከፈላል። የቲቢ ባክቴሪያ ግን ለዚያች አንዲት መከፈል ወደ 20 ሰዓት ይወስዳል። ኮቱም በሰም የተቀባ ነው። ቲቢ በተለመደው ሕክምና 6 ወር የሚታከመው ባክቴሪያው ዝግተኛና ተደባቂ ስለሆነ ነው። ሕመምተኛው ደክሞት አይደለም። የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ ደግሞ የቲቢ ዘመድ ሆኖ ከሱም ይብሳል። ለመከፈል ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈጃል፤ ላቦራቶሪ ሳህን ላይ እስከ ዛሬ ማንም አላበቀለውም። ኖርዌያዊው ሐንሰን በ1873 ካገኘው ወዲህ በሽታው እርግማን ወይም የዘር እንዳልሆነ ታውቋል። አዲስ አበባ አለርት ግቢ ውስጥ ያለው አርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም የተሰየመው በዚሁ ሰው ነው። መድኃኒት አለው፤ ይድናል።

ቫይረስ ሌላ ዓለም ነው። ሴል አይደለም። አይመገብም፣ አይተነፍስም፣ ብቻውን መራባት አይችልም። በሽፋን የተጠቀለለ መመሪያ ነው። እኛ ሴል ውስጥ ይገባና የእኛኑ ሴል እንደ ፋብሪካ ተጠቅሞ ራሱን ያባዛል። ያቺን ግድግዳ አስታወስሻት? ቫይረስ የላትም። አሞክሳሲሊን ቫይረስ ፊት ሲቀርብ የሚያፈርሰው ነገር አጣ ማለት ነው። ደካማ መድኃኒት ስለሆነ አይደለም፤ ሥራ ስለሌለው ነው። «ከበድ ያለ አንቲባዮቲክ ይሰጠኝ» የሚለው ልመናም ለቫይረስ አይሠራም።

ኩፍኝ፣ ፖሊዮ፣ ጆሮ ደግፍ፣ ኮቪድ፣ ኤችአይቪ፣ የጉበት ቫይረሶች፣ የእብድ ውሻ በሽታ፣ የልጅሽም ጉንፋን የዚህ ወገን ናቸው። በየቤቱ «ምች መታኝ» ተብሎ ዳማከሴ የሚታሽለት የከንፈር ቁስልም ሄርፐስ የሚባል ቫይረስ ነው። ነርቭ ውስጥ ተኝቶ ይቆይና ሰውነት ሲደክም ይወጣል። አልማዝ ባለጭራ ደግሞ በልጅነት ውሃ የቋጠረ ሽፍታ አምጥቶ የሄደው የቺክንፖክስ ቫይረስ ነው። ሄደ እንላለን እንጂ አልሄደም። ከአከርካሪ አጠገብ ባሉ የነርቭ ሥሮች ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት ተደብቆ በአንዱ ነርቭ መስመር ይወጣል። ሽፍታው በአንድ ጎን ብቻ ጭራ ይዞ የሚታየው ለዚህ ነው። ለእነዚህ ሁለቱ አሲክሎቪር አለ፤ ቶሎ ሲጀመር ይረዳል።

ስለ እብድ ውሻ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድነው መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል። ከንክሻው በኋላ ግን ቁስሉ ወዲያው በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ታጥቦ ክትባቱ ከተጀመረ ይዳናል። ቁስሉ ትንሽ ነው ብሎ ማደር አይገባም።

ቫይረስና ባክቴሪያን መለየት ምን ያህል ከባድ እንደነበር የኅዳር በሽታ ይነግርሻል። በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ላይ አዲስ አበባን የመታው፣ በዓለም ዙሪያ ሚሊዮኖችን የገደለው ኢንፍሉዌንዛ ነበር። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪም ታመው የተረፉበት ነው። ሰዉ መጥፎ አየር ነው ብሎ ቆሻሻ ሰብስቦ አቃጠለ። ዛሬም ኅዳር 12 ቀን «ኅዳር ሲታጠን» ብለን በየደጁ እናጨሳለን። ታዲያ ያኔ አውሮፓም ከኛ ብዙ አልተሻለም። ሪቻርድ ፋይፈር የሚባል ጀርመናዊ በ1892 እ.ኤ.አ. ከኢንፍሉዌንዛ ሕመምተኞች አንድ ባክቴሪያ አግኝቶ «መንስኤው ይህ ነው» ብሎ ነበር፤ ብዙዎችም አመኑት። እውነተኛው ቫይረስ ከሰው የተለየው በ1933 ነው። የፋይፈር ባክቴሪያ ንጹሕ ሆኖ ሳለ ስሙ ግን ተለጥፎበት ቀረ፤ ሄሞፊለስ ኢንፍሉዌንዛ ይባላል። ንጹሕ ስል ከኢንፍሉዌንዛው ነው። ሌላ ጥፋት አለበት፤ የሕፃናት ማጅራት ገትርና የሳንባ ምች ያመጣል። ልጆችሽ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንታቸው የወሰዱት አምስት በአንዱ ክትባት ውስጥ አንዱ ለሱ ነው።

ከዚያው ታሪክ ሌላም ጉዳይ አለ። በዚያ ወረርሽኝ ከሞቱት ብዙዎቹን የጨረሳቸው ቫይረሱ ከጎዳው ሳንባ በኋላ የገባ ባክቴሪያ ነው። ጉንፋን የያዘው ልጅ ተሽሎት ሳለ ትኩሳቱ ተመልሶ ቢመጣ፣ ቶሎ ቶሎ ቢተነፍስ፣ ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ቢሰረጉድ ነገሩ ጉንፋን ብቻ አይደለም። ያኔ አንቲባዮቲክ ሕይወት ያተርፋል። ቤት ውስጥ ካለ ጠርሙስ ሳይሆን ከታየ በኋላ።

የጉሮሮ ሕመምም እንዲሁ ነው። አብዛኛው ቫይረስ ነው። ሳል፣ የአፍንጫ ፈሳሽና የድምፅ መጎርነን ካለው ወደ ቫይረስ ያደላል። ሳል ሳይኖር ትኩሳቱ ከፍ ካለ፣ ቶንሲሉ ላይ ነጭ ነገር ከታየ፣ አንገት ሥር ያሉት እጢዎች አብጠው ሲነኩ ካመሙ ግን ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ ሊሆን ይችላል። እሱ ሳይታከም ሲቀር ሰውነት ለሱ ያዘጋጀውን መሣሪያ በስህተት ወደ ገዛ ልቡ ያዞራል። በአገራችን የልብ በራቸው (ቫልቭ የሚባለው) ጠቦ ወይም አልገጥም ብሎ ቀዶ ጥገና የሚጠብቁ ብዙ ልጆችና ወጣቶች የታመሙት ከዚህ ጉሮሮ ተነስቶ ነው። ያ ባክቴሪያ በተራ ፔኒሲሊን ይሞታል። እንጥል ማስቆረጥ አያድነውም፤ ደም ያፈሳል፣ ሌላ ኢንፌክሽን ያስገባል። ይህን ስጽፍ ልቤ እያዘነ ነው፤ ልጆቹን ስለማያቸው።

ፈንገስ ከእነዚህ ሁሉ ለእኛ የሚቀርብ ነው። ሴሉ ከባክቴሪያ ይልቅ የእኛን ይመስላል። ስለዚህ እኛን ሳይነካ እሱን ብቻ የሚገድል መድኃኒት ማግኘት ከባድ ነው፤ ያሉትም ጥቂት ናቸው። ጭርት፣ ቋቁቻና ቆረቆር ፈንገስ ናቸው። የልጆች ቆረቆር በቅባት አይድንም፤ ፈንገሱ የፀጉሩ ሥር ድረስ ስለገባ የሚዋጥ መድኃኒት ለሳምንታት ይፈልጋል። ጭርት ላይ ደግሞ ከፋርማሲ «ለቆዳ» ተብሎ የሚሸጥ ስቴሮይድ ያለበት ቅባት አትቀቢ። ማሳከኩ ለጥቂት ቀን ይቀንሳል፤ ፈንገሱ ግን ሥር እየሰደደ ይሰፋል። መልኩም ስለሚቀየር ባለሙያውን ያሳስታል። የሰውነት መከላከያቸው በጣም የተዳከመ ሰዎች ላይ ፈንገስ ማጅራት ድረስ ሊገባ ይችላል። ለሌሎቻችን በአብዛኛው የቆዳ፣ የአፍና የብልት ጉዳይ ነው።

ፓራሳይት ሲባል በአንድ ቃል ሁለት የማይገናኙ ነገሮች ይጠራሉ። አንዱ ባለ አንድ ሴሉ ነው። ወባ፣ አሜባ፣ ጃርዲያ፣ ካላአዛርና ቁንጭር ከዚህ ናቸው። ጃርዲያን በማይክሮስኮፕ ብታዪያት ትገረሚያለሽ። ሁለት ዓይን ያላት ፊት ትመስላለች፤ ቀና ብላ የምታይሽ ይመስልሻል። በሰገራ ጠብታ ውስጥ ስትሄድ ከዛፍ የሚወርድ ቅጠል ይመስል እየተንሳፈፈች ነው። አሜባ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በሽታ የሚያመጣው አሜባና ምንም የማያመጣው ወንድሙ በመልክ አንድ ናቸው። ቀይ የደም ሴል የዋጠ አሜባ ካላየን በስተቀር በማይክሮስኮፕ ብቻ መለየት አንችልም። «አሜባ አለብህ» የተባለ ሰው ሁሉ አሜባ አላመመውም ማለት ነው።

ወባ ላይ ደግሞ «ወባ ነው» መባሉ አይበቃም። የትኛዋ? በአገራችን በዋናነት ሁለት አሉ። ፋልሲፓረም በፍጥነት የምትገድለው ናት፤ አንጎል ድረስ ትደርሳለች። ቫይቫክስ ቀለል ብትልም ጉበት ውስጥ ተኝታ ከወራት በኋላ ትነሳለች። ደም ውስጥ ያለውን የሚያጠፋው መድኃኒት ጉበት ውስጥ የተኛውን አይነካም፤ ለሱ ሌላ መድኃኒት ይጨመራል። ፈረንሳዊው ላቬራን በ1880 አልጄሪያ ውስጥ ቀለም ባልነካው የወታደር ደም ውስጥ ያያትን ፍጥረት ዛሬ በቀለም አቅልመን እናያታለን። አዳማ ስለምትኖሪ አንድ ልጨምር። ወባ አስተላላፊዋ ትንኝ ድሮ የምትራባው በዝናብ ኩሬ ነበር። ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግን በሶማሌ ክልል ቀብሪ ደሃር ላይ መጀመሪያ የታየች አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባል እንግዳ ትንኝ አለች። እሷ ከተማ ትወዳለች፤ በርሜልና ሮቶ ውስጥ ትራባለች። የውሃ ማጠራቀሚያሽን ክደኚ።

ሌላው ፓራሳይት ትል ነው። ኮሶ፣ ወስፋትና መንጠቆ ትል፣ ቢልሃርዚያም ከነሱ ነው። እነዚህ እንቁላላቸው ብቻ ነው በማይክሮስኮፕ የሚፈለገው፤ ራሳቸው በዓይን የሚታዩ እንስሳት ናቸው። የቢልሃርዚያን ነገር ያነሳሁት ለዶክተር አክሊሉ ለማ ስል ነው። በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ የሚያጥቡበት ወንዝ ዳር ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። ቢልሃርዚያ ያለ ቀንድ አውጣ ሰው ጋ አይደርስም። እናቶቻችን ልብስ የሚያጥቡበት ፍሬ የበሽታውን ሰንሰለት መበጠስ እንደሚችል ያስተዋለ የኛው ሰው ነው።

እግር የሚያሳብጠው ዝሆኔ ሁሉ ደግሞ ጀርም እንዳይመስልሽ። በደጋው አካባቢ ያለው አብዛኛው የሚመጣው በባዶ እግር ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት ከመሄድ ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ጫማ ያስቀረዋል።

ወደ እናትሽ ልመለስ። እሳቸው ፈጽሞ ተሳስተዋል አልልም። ሜትሮኒዳዞል ጃርዲያንም አሜባንም አንዳንድ ባክቴሪያንም ይገድላል። ዶክሲሳይክሊን ባክቴሪያ ገዳይ ሆኖ ሳለ ለወባ መከላከያም ይሰጣል። አንዱ ሁለቱን የሚገድልበት ጊዜ አለ። ግን የትኛው መቼ እንደሆነ የሚታወቀው የያዘውን ካወቅን ብቻ ነው።

አሁን ሽሮፑ። የአሞክሳሲሊን ዱቄት በውሃ ከተበጠበጠ በኋላ ዕድሜው እንደ ሥሪቱ ከ7 እስከ 14 ቀን ነው፤ ፍሪጅ ውስጥም ቢሆን። የ3 ወሩ ጠርሙስ መድኃኒትነቱን አጥቷል። ልጁ ሽፍታ ካላወጣው፣ ፊቱ ካላበጠና ካላስቀመጠው ጉዳት አላገኘውም ይሆናል። ጉንፋኑ የተሻለው ግን በሽሮፑ አይደለም፤ ጉንፋን በ7 እና በ10 ቀን ውስጥ በራሱ ይሄዳል። በዚያ መሃል ሽሮፑ የተረፈችው አቅሙ ከሠራ አንጀቱ ውስጥ ያሉትን ደካማ ባክቴሪያዎች ገድሎ ለጠንካሮቹ ቦታ ያስለቅቅላቸዋል። ጠንካሮቹ የመቋቋም ዘዴያቸውን ለጎረቤቶቻቸው ያስተላልፋሉ፤ ዘዴው ቃል በቃል ከባክቴሪያ ወደ ባክቴሪያ ይሻገራል።

ይሄን ጠዋት ጠዋት አየዋለሁ። ባክቴሪያ የተዘራበትን ሳህን ሌሊቱን ካሳደርን በኋላ እከፍታለሁ። ሳህኑ ላይ ትናንሽ ክብ ወረቀቶች አሉ፤ እያንዳንዷ አንድ አንድ አንቲባዮቲክ የነከረች። ባክቴሪያው ዱቄት እንደተነፋበት ሳህኑን ሞልቶ ያድራል። መድኃኒቱ የሚሠራ ከሆነ በወረቀቷ ዙሪያ ንጹሕ ቀለበት ይታያል። የማይሠራ ከሆነ ባክቴሪያው ወረቀቷ ጥግ ድረስ መጥቶ ቆሟል። ሥራ ስጀምር የአሞክሳሲሊን ቤተሰብ በሆነው በአምፒሲሊን ወረቀት ዙሪያ ቀለበት ማየት የተለመደ ነበር። አሁን ከሽንት በሚበቅሉ ባክቴሪያዎች ላይ ቀለበት አልባ ሳህን ስከፍት እየለመድኩት መጥቻለሁ። የሳህኑ ባለቤት የ5 ዓመት ልጅ ሲሆን ወረቀቱን ለሐኪሙ ጽፌ እስክሰጥ ድረስ እጄ ይከብደኛል።

ስለዚህ ሽሮፑን ለምትገዢበት ፋርማሲ መልሺላቸው፤ ማስወገዱን እነሱ ያውቁበታል። ለልጁ ማርና ሞቅ ያለ ነገር ይበቃዋል፤ ከአንድ ዓመት በታች ላለ ልጅ ግን ማር አይሰጥም። ያንቺን የታዘዘልሽን መድኃኒት በታዘዘልሽ ቀን ልክ ጨርሺው። ደግሞ ትኩሳት ቢይዝሽ ክሊኒኩ ወንበር ላይ ሆነሽ፣ መርፌው ሳይወጋሽ፣ «ወባ ታይቷል? የትኛዋ? የደም ካልቸር የሚሠራበት ቦታ ልትልኩኝ ትችላላችሁ?» ብለሽ ጠይቂ። ማንም አይቆጣሽም።